«አታምነኝም እንዴ?»

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ክፍት ሱቅ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ከዚራ በዛፎቿ ጥላ ታሸልባለች። መጋላም በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው አገሩ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ምን ያውቃል! ትልልቁ ንግድ የሚሠራው በዚህ ሰዓት ነው። ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ተደግፎ፣ የጫቱ ዙርባ ተፈትቶ፣ ፔርሙዙ ተደርድሮ። እዚያ ቤት ውስጥ ቦታ ይሸጣል፣ መኪና ይገዛል፣ ሱቅ ይከራያል፣ ሽርክና ይመሠረታል። የሌለ ነገር ቢኖር እስክሪብቶ ነው።

ለዚህ እስክሪብቶ አልባ ሥልጣኔ እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝነኛል። እኔ በበኩሌ ዛሬ ላመሰግነው ተነስቻለሁ።

የሥርዓቱ ምሰሶ ሁለት ቃል ነው። «አታምነኝም እንዴ?» አንዱ የዋህ ድንገት «ለማንኛውም ብንፈራረምስ» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሌላው የያዘውን ቀንበጥ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። «አቦ አትነጅሰኝ! አታምነኝም እንዴ?» አለቀ። ከዚያ በኋላ የሞቱ አባቶች ይነሳሉ፣ አብረው የተማሩበት ክፍል ይቆጠራል፣ የደቻቱ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ማን ለማን በር እንደከፈተ ይወራል። እንፈራረም ያለው ሰውዬ ይቅርታ ጠይቆ ብሩን ይቆጥራል። የፈረንጅ ጠበቃ በአርባ ገጽ የማያገኘውን ከለላ ተቀባዩ በሁለት ቃል አገኘው። ሰጪው? ሰጪው እምነት አለው።

የውጭ ምሁራን ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ ደክመዋል። ጌርት ሆፍስቴዴ የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1973 ለአይቢኤም ሠራተኞች በብዙ አገር መጠይቅ ተበተነ፤ እሱ መልሱን ይዞ የአገሮችን ባህል በነጥብ አስቀመጠ። እኛን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር በአንድ ጆንያ ከትቶ «ምሥራቅ አፍሪካ» አለን። ለየብቻ የመኖር ነጥባችን 27 ሆነ፤ የአሜሪካ 91። በቀላል አማርኛ አሜሪካዊው «እኔ» ሲል እኛ «እኛ» እንላለን። እውነቱን ነው። ትርፍ ሲመጣ «እኔ» የምንለውን መጠይቁ አልያዘውም እንጂ።

አሜሪካዊው ኦሊቨር ዊሊያምሰን ደግሞ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። የደከመበት ጉዳይ የግብይት ወጪ ነው። ዕቃው ራሱ ከሚያወጣው ዋጋ ሌላ መደራደር፣ ውል መጻፍ፣ ሰውዬው ቃሉን መጠበቁን መከታተል ገንዘብ ይበላል፤ ድርጅቶችም ሥራቸውን የሚያደራጁት ይህን ወጪ እያዩ ነው ይላል። ምስኪን። ድሬ ቢመጣ ይህን ወጪ ዜሮ እንዳደረግነው ያይ ነበር። የጠበቃ አንከፍልም፣ ውል አናስጽፍም። እኔና ሸሪኬ በሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣነው ትንሽ ነገር ነው። የአጎቱ ልጅ ሰርግ። ሦስት ለቅሶ። ሁለት ዒድ፣ ሁለት ፋሲካ። የታመሙ አክስቱን ለመጠየቅ ሐረር ደርሶ መልስ፣ ብርቱካን ተይዞ። በሳምንት ሁለቴ በርጫ። ይህ ወጪ አይባልም፤ ፍቅር ነው። ፍቅር ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ሕግ አውጪዎቻችን ግን ፍቅር አያውቁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረዳው በጽሑፍ፣ ካልሆነም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቆሞ ሲያምን ወይም ሲምል ነው ይላል። ያኔ 500 ብር የባለጸጋ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለሁለት ሰው ደህና በርጫ ላይበቃ ይችላል። እንግዲህ ሕጉን ካከበርን ጓደኛችንን ለጫት ስናበድረው ማስፈረም አለብን ማለት ነው። ያው ሕግ ቁጥር 1682 ላይ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። አርቃቂው ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ዝምታን ፈርተው መሆኑ ነው። እኛ አገር የሚፈራው «እሺ» ነው። «እሺ» ማለት ሰማሁ ማለት ነው። «ችግር የለም» ማለት ችግር አለ። «ኢንሻ አላህ፣ ነገ» ከተባለ ደግሞ ቤታችሁ ሄዳችሁ ተኙ።

ወረቀት ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ከተማዋንም ይዟት መጣ። የሐረርን አቀበት መውጣት ስላልሆነለት ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬም ተወለደች። ኩባንያው ትኬት ነበረው፣ የጭነት ሰነድ ነበረው፣ ሰዓት ነበረው። እኛ ከዚያ ሁሉ ስሙን ወደድነው። ሸመንደፈር አልነው። ወረቀቱን ለገሃር ትተንለት ወጣን።

እዚህ ላይ ትንሽ ከምስጋናዬ ወጣ ልበል። በቃል መነገድ እውነትም የሚሠራበት ቦታ አለ። የሶማሌ ከብት ነጋዴዎችን ተመልከቱ። ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሥር አስገብተው በጣት ይደራደራሉ፤ ዙሪያውን የቆመ ሰው ዋጋውን አያውቅም። ብዙ ከብት ያለ አንዲት ፊርማ እጅ ይለውጣል፣ በዱቤም ይሄዳል። ነጋዴዎቹ መላእክት ስለሆኑ አይደለም። ቃሉን ያጠፈ ሰው ወሬው ቀድሞት ገበያ ይደርሳል፤ ማን ዳግም በዱቤ ይሰጠዋል? ዘመዶቹም አብረው ያፍራሉ፣ ይከፍላሉም። ያ ቃል ጥርስ አለው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉትም አባቶች እንደዚያ ያለ አገር ይዘው ነው። እኛ የከተማዎቹ ከዚያ ሥርዓት ውስጥ መርጠን የወሰድነው በርጫውን ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ደግሞ ለተማሪ ደብተር ሽፋን ተውነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለነገሩ የማመሰግነው ዝም ብዬ አይደለም፣ ተጠቃሚ ነኝ። ከላይ ያነሳሁት ሸሪኬና እኔ እኩል አዋጥተን አንድ ባጃጅ ገዛን። ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ። «የአንተስ ስም ይጻፍ?» ብሎ ጠይቆኛል፣ አልዋሽም። ግን ሲጠይቀኝ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ብታዩት እናንተም «ኧረ ምን በወጣህ!» ትሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግማሽ ገቢዬ እየቀነሰ መጣ። ቀጥሎ ጎማ ተቀየረ፣ ሞተር ወረደ፣ እንደገና ሞተር ወረደ። ሲሰላ በመጨረሻ እኔ ባለዕዳ ሆኜ ተገኘሁ።

ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ያው በርጫ ላይ። ጫቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከሳሽ አይደለሁ? መጀመሪያ ሁለታችንንም ወቀሱን። ቀጥለው የሁለታችንንም አባቶች አመሰገኑ። አስር ሰዓት ላይ ነገሩ ሊያልቅ ደረሰ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ምርቃናው ገባና ባጃጁ ተረስቶ ከጅቡቲ ስኳር ስለማስመጣት ተወራ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ሃሳቡ ጥሩ መሰለኝ። ማታ ላይ ሽማግሌዎቹ «ገንዘብ ጠፊ ነው፤ ወንድምነት ይቀራል» ብለው አስታረቁን። ተቃቀፍን። ገንዘቡ እንደተባለው ጠፊ ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሳቢያን ወደ ከፊራ ስሄድ ባጃጅ አስቆምኩ። ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያወቅኳት። ወንበሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ቀይ ቆዳው ጥጉ ጋ ተቀድዷል። ሾፌሩ ከተቀጠረ ገና ወሩ የሆነ ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት እንኳ የሚሞላው አይመስልም። ከፊራ ስንደርስ እጁን ዘረጋ።

«ሂሳብ፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ይቺ ባጃጅ እኮ ግማሿ የእኔ ናት» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ። ከላይ እስከ ታች።

«ወረቀት አለዎት?»