ለአንዲት የሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ!

ያገለገለች መኪና ስገዛ ሻጩ አንድ ቁልፍ ብቻ ሰጠኝ። «ሁለተኛው ቤት ነው፣ አመጣልሃለሁ» አለ፤ ይኸው ስድስት ወር፣ ስልክም አያነሳም። ባለፈው የቁልፉ ቀፎ ተሰነጠቀና መርካቶ ወስጄ በአዲስ አስቀየርኩ። አቤት ማማሩ! በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩም ይነሳል፣ ግን ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ጸጥ። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ታሾፍብኛለች።

መካኒኩ ባትሪ አስቀየረኝ። ቀጥሎ ካንዴላ። የነዳጅ ፓምፕም ሊያስገዛኝ ነበር እኮ! መብራቷን ግን ዞር ብሎ ያያት የለም።

ለካ አሮጌው ቀፎ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ነበረች። ባትሪ እንኳ የላትም፤ ቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለው ቀለበት ኮዷን ካላነበበ የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩን ያጠፋዋል። ይሄን የነገረኝ ላፕቶፕ ይዞ የሚዞር አንድ ልጅ ነው። «የሚሠራ ቁልፍ ቢኖርህ ሌላ መጨመር ቀላል ነበር፣ አሁን ግን ኮምፒውተሩ መፈታት አለበት» ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ላብ አጠመቀኝ። ሌባን ለመከላከል ነው አሉ፤ እስካሁን የተከለከልኩት እኔ ነኝ!

ቀፎውን ፍለጋ ወደ ቁልፍ ሠሪው ሮጥኩ። ቆሻሻው ጠዋት ተጠርጎ ሄዷል።