በነጻ ወስዶ በቁጣ

«አይሰራም። አስቸኳይ ነው።»

በነጻ በተለቀቀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የቀረበው ሙሉ አቤቱታ ይህ ነው። የትኛው ቨርዥን እንደሆነ አልተጻፈም። ምን ኤረር እንዳመጣ አልተጻፈም። ከሥሩ በስልክ የተነሳ የኮምፒውተር ስክሪን ፎቶ ተለጥፏል፤ ዋናው ጽሑፍ ላይ የአምፖል ነጸብራቅ አርፎበታል። ፕሮግራሙን የሚጠብቀው ሰው ከሥራ መልስ፣ ማታ፣ ከፍቶ ያየዋል። «የትኛውን ቨርዥን ነው የሚጠቀሙት?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ዝም። ከወራት በኋላ ያው ሰውዬ ብቅ ይልና «ተስተካክሏል፣ ተዉት» ብሎ አቤቱታውን ይዘጋዋል። እንዴት እንደተስተካከለ ግን ምስጢሩን ይዞት ይሄዳል። ያው ችግር የገጠማቸው ሰዎች ለዓመታት እየመጡ «ወንድሜ፣ እባክህ፣ ምን አድርገህ ነው?» እያሉ ይለምኑታል።

ኦፕን ሶርስ ላይ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ያወርዳል፣ ማንም ይቀይራል፣ ማንም እንጀራ ይበላበታል። ክፍያ የለም። የአጠቃቀም ፈቃዱ ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ እንዳለ የቀረበ መሆኑ፣ ምንም ዓይነት ዋስትና እንደሌለውም፣ ያውም ብዙ ጊዜ በትልልቁ ፊደል ተጽፏል። እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ገንዘብ የከፈለበት ሶፍትዌር ሲበላሽ አንገቱን ደፍቶ ሪስታርት የሚያደርግ ሰው፣ በነጻ ያወረደው ሲንገራገጭበት አንበሳ ይሆናል።

ተራው ተጠቃሚስ ይሁን። የባሱት ትልልቆቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሎግ ፎር ጄ የተባለ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ዝግጁ ኮድ) ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘና ዓለም ተተራመሰ። ከርል የተባለው፣ በኢንተርኔት ዳታ የሚያመላልሰው ፕሮግራም ከዚህ ጉዳይ ጋር ዝምድና የለውም፤ የተጻፈው እንኳ በሌላ ቋንቋ ነው። ግን ስልኩም፣ መኪናውም፣ ቴሌቪዥኑም ውስጥ አለ። በ2022 ጃንዋሪ ለከርል ፈጣሪ፣ ለስዊድናዊው ዳንኤል ስተንበርግ፣ ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ኢሜይል ደረሰው። ስለ ሎግ ፎር ጄ ቀዳዳ የጥያቄ መዓት። መልሱም በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈለጋል። ውል የላቸው፣ አምስት ሳንቲም አልከፈሉት! እሱም የድጋፍ ውል እንደተፈራረምን በደስታ እመልሳለሁ አላቸው። እነሱ ደግሞ ገርሟቸው፣ ደንበኛችሁ አይደለንም ማለትህ ነው ወይ ብለው ጻፉለት። ያውም ዳንኤልን ዳዊት ብለው። ሰውየው አልተቆጣም። ቀጣዩን መልስ «ሰላም ጎልያድ» ብሎ ጀመረላቸው።

ማገዝስ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እዚህ ሰፈር ሃምሳውንም አንዱ ተሸክሞ፣ ሌሎቻችን ከኋላ እየተከተልን «አንዷ ወደቀችብህ» እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሃርትብሊድ የሚሉት ቀዳዳ ሲገኝ፣ የስንቱን ድረ ገጽ ምስጢር የሚጠብቀው ፕሮጀክት ከልገሳ የሚያገኘው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ተሰማ። ብዙ ሰው ደነገጠ። የደነገጠው ሁሉ ግን እጁን ኪሱ አልከተተም።

እርግጥ አንዳንዴ በገፍ እናግዛለን። ቲሸርት ካለ። ሃክቶበርፌስት የሚባል ዓመታዊ ዝግጅት አለ፤ በኦክቶበር ወር ለኦፕን ሶርስ ላበረከተ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። በ2020 ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ ሪድሚው፣ ማለትም የፕሮጀክቱ መግለጫ ላይ «አሪፍ ፕሮጀክት» የምትል ቃል ጨምሮ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ይልካል። ሌላው ርዕሱን ያሳምራል። ጠባቂዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲዘጉ ዋሉ። በመጨረሻ አዘጋጆቹ ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ ይቆጠራሉ ብለው ሕጉን ቀየሩ። አንድ ኮማ ማስተካከል ነውር አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ የጀመረው በእሷ ነው። ነገር ግን በማግስቱ ፕሮፋይል ላይ «ሲኒየር የኦፕን ሶርስ መሐንዲስ» ተብሎ ሲጻፍ ኮማዋም ታፍራለች።

የኤክስዚ ታሪክ ላይ ግን ሳቁ ይቀንሳል። ኤክስዚ የፋይል መጭመቂያ ነው፤ ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር። በ2022 አንዳንድ አካውንቶች ይጨቀጭቁት ጀመር። ለምን ትዘገያለህ? ፕሮጀክቱ እኮ ሞተ! ካልቻልክ ለሌላ ልቀቀው! ሰውየው የአእምሮ ጤንነቱ እንዳስቸገረው፣ ሥራውም ያለ ክፍያ እንደሆነ አስረዳ። ማን ሰምቶት። አጠገቡ አንድ ታታሪ፣ ጨዋ ረዳት ነበር፤ ቀስ በቀስ ቁልፉ እሱ እጅ ገባ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ይኸው ጨዋ ረዳት የጓሮ በር፣ ማለትም በስውር ሰብሮ መግቢያ ኮድ፣ ከፍቶበት ተገኘ። የተደረሰበትም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ሎግኢን ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን ዘገየ ብሎ ስለቆፈረ ነው።

እነዚያ ጨቅጫቆች የረዳቱ ግብረ አበሮች ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ዛሬ ይጠረጠራል። ያኔ ግን ማንም ልብ አላላቸውም። ምን ብሎ ልብ ይበላቸው? ሲናገሩ ቁርጥ እኛን።