ቅሬታ በእጅጉ ቀንሷል

ማዘጋጃ ቤት ሁለት ዓይነት ነዋሪ ያውቃል፤ የሚያማርረውንና የሄደውን። ከሁለቱ የሚወደው የሄደውን ነው። የሄደ ሰው መስኮት አያንኳኳም፣ ስለ ተደፈነ ቱቦ ደብዳቤ አይጽፍም፣ የስብሰባ ሻይ አያቀዘቅዝም። ደግሞም ቀድሞ የሚሄደው ሁልጊዜ ያው ሰው ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ የሚያውቀው፣ ሕጉን ከነአንቀጹ የሚጠቅሰው፣ እጁን አውጥቶ «ያለፈው ዓመት በጀትስ የት ደረሰ?» የሚለው። እሱ ዕቃውን ጭኖ በወጣ ማግስት የአቤቱታ መዝገቡ ይሳሳል። የዓመቱ ሪፖርት ላይም አንዲት ዓረፍተ ነገር ትገባለች፤ «ከኅብረተሰቡ የሚቀርበው ቅሬታ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ቀንሷል።» ጭብጨባ ይከተላል።

ሐሰት ነው ማን አለ? ቀንሷል።

ብዙ ሰው ከተማ ለመልቀቅ የሚቆርጠው ጎርፍ ሳሎኑ ሲገባ አይመስለኝም። የሚቆርጠው ኃላፊው ቢሮ በር ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮቱን ሲያይ ነው። ኮቱን ታውቁታላችሁ፤ ወንበሩ መደገፊያ ላይ የተንጠለጠለው፣ ትከሻው አቧራ የጠጣው። ኮቱ ካለ ሰውዬው አለ ማለት ነው። ሰውዬው ግን የለም። ጸሐፊዋ «አሁን እዚህ ነበሩ፣ ወጣ ብለው ነው» ትላለች፤ ባለጉዳዩም ይጠብቃል። ከሰነበተ ከኃላፊው ይልቅ ኮቱን ይለምዳል፤ የትኛው ቁልፍ እንደወለቀ፣ ሽፋኑ በየትኛው ኪስ በኩል እንደተተረተረ በቃሉ ይይዛል። ኮቱ ሥልጣን ቢኖረው ኖሮ ጉዳዩ ድሮ ባለቀ ነበር።

የከተማ ሒሳብ ደግሞ ክፉ ነው። ሰው ሲሄድ ቱቦው አብሮት አይሄድም። አሥር ቤት ባለበት መንገድ አምስቱ ቢዘጉ የውሃው መስመር በግማሽ አያጥርም፤ የመብራቱ ምሰሶ፣ የቆሻሻ መኪናው ጉዞም እንደነበረ ነው። ወጪው በቀሩት አምስት ላይ ይከፋፈላል። ክፍያ ይጨምራል፣ አገልግሎት ይቀንሳል፤ ከአምስቱ አንዱ ይህን አይቶ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያወርዳል። የአሜሪካዋ ዲትሮይት በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2013 መክሰሯን ለፍርድ ቤት ስታስታውቅ የቀራት 700,000 ገደማ ነበር። ከመንገድ መብራቶቿ 40 በመቶ ያህሉ አይበሩም ነበር። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን የሚሻ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ።)

ጎረቤቷ ፍሊንት ግን የባሰባት ናት። በ1960 ወደ 197,000 ሰው የሚኖርባት የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ በ2014 ግማሽ ያህሉ ሄዶ ነበር። የሚሺጋን ግዛት መንግሥት የሾመው አስተዳዳሪ ገንዘብ ይቆጠባል ብሎ ከዲትሮይት ይገዛ የነበረውን ውሃ አቋረጠ፤ ከተማዋም ከራሷ ወንዝ እንድትጠጣ ሆነ። ባለሥልጣናቱ ተሰበሰቡ፣ ቁልፉ ተጫነ፣ ብርጭቆ ውሃ አንሥተው ለከተማዋ መልካም ተመኙ። ብዙም ሳይቆይ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ቀለሙ ተለወጠ፣ ሸተተ። ነዋሪው ጮኸ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። «ደህና ነው፣ ጠጡ» ተባለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አካባቢ የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ «ውሃው ብረቴን እየበላብኝ ነው» አለ። ፋብሪካው ተሰማ፤ ተፈቅዶለት ሌላ ውሃ አስገባ። ነዋሪው ወደ ቀድሞው ውሃ እስኪመለስ አንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ጠበቀ። ሰው ከብረት ይጠነክራል ተብሎ ይሆናል። በዚህ መሀል ውሃው መርዘኛውን እርሳስ ከአሮጌ ቱቦዎች እያጠበ ልጆች ወደሚጠጡበት ብርጭቆ ያወርድ ነበር። የውሃ ሒሳቡ ግን መምጣቱን አላቋረጠም፤ ያ የማዘጋጃ ቤት ክፍል በየትኛውም ከተማ ታታሪ ነው።

ባለሥልጣን ሰፈር ድረስ የሚመጣበት ቀን አለ ከተባለ ሪባን ያለበት ቀን ነው። የተጠገነ ቱቦ ምን ይቆረጥለታል? ስለዚህ ቱቦው ይቆይና አዲስ አደባባይ ይሠራል፤ ፏፏቴ ይኖረዋል፣ ውሃ ግን አይኖረውም። በሪባን ጉዳይ የሌላዋን የአሜሪካ ከተማ፣ የክሊቭላንድን ከንቲባ ራልፍ ፐርክን የሚያህል የለም። የዚያች ከተማ ወንዝ በዘይትና በፋብሪካ ዝቃጭ ብዛት በ1969 በእሳት ተያይዞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከንቲባው የብረታ ብረት ባለሙያዎች ጉባኤ ሊከፍቱ ተጋበዙ፤ ሪባኑ ከብረት ስለነበር በመቀስ ፋንታ የብየዳ እሳት ተሰጣቸው። ብልጭታው ፀጉራቸውን አቀጣጠለው። ደግነቱ ወዲያው ጠፋ፤ ለከንቲባ ፀጉር ሲሆን የእሳት አደጋ ምላሽ ፈጣን ነው። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ክሊቭላንድ ከ170,000 በላይ ነዋሪ አጣች፤ ለእነርሱ መሸኛ ሪባን የቆረጠ አልተሰማም።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። ሮም እየተራቆተች በሄደችበት ዘመን፣ በ458፣ ንጉሠ ነገሥት ማዮሪያን አዋጅ አወጣ። የከተማዋ ሹማምንት የጥንቶቹን የሕዝብ ሕንፃዎች እያፈረሳችሁ ድንጋዩን ለግላችሁ ውሰዱ እያሉ ፈቃድ ይሰጡ ነበርና። ቅጣቱን አንብቤ ሳቄ መጣ፤ ፈቃዱን የሰጠው ሹም 50 ፓውንድ ወርቅ ይከፍላል፣ ታዝዞ የፈጸመው የበታች ሠራተኛ ግን ተገርፎ እጆቹ ይቆረጣሉ። ሹሙ በኪሱ፣ ጸሐፊው በእጁ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ መቁረጡን ትተን ድልድሉን ግን ይዘን ቀጥለናል።

እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ከተማ ይመለስለታል። የጀርመኗ ላይፕሲግ የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ለቅቋት በ2000 ገደማ 60,000 ያህል መኖሪያ ቤት ባዶውን ቆሞ ነበር። በ2004 ነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙና ሊፈርሱ በደረሱት አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የሚጠብቋቸውን ሰዎች ማስገባት ጀመሩ፤ ኪራይ አይከፈልም፣ የሚገባው ሰው ውሃውንና መብራቱን እየከፈለ ጣራው እንዳያፈስ፣ መስኮቱ እንዳይሰበር ይጠብቃል። ባዶ ቤት ውስጥ ሰው ማስገባት ይኼን ያህል ቀላል ከሆነ ሌላው ቦታ ለምን ሰባት ኮሚቴ እንደሚፈልግ አይገባኝም። ዛሬ ላይፕሲግ ከ600,000 በላይ ሕዝብ አላት፤ ነዋሪዎቿም ኪራይ ናረ፣ ቤት ጠፋ እያሉ ያማርራሉ። እንዲህ ያለ ቅሬታ ጨመረብኝ ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ ከንቲባ ቢገኝ፣ ኮቱን ለብሶ ይምጣ እንጂ እኔ ራሴ አጨበጭብለታለሁ።