መጽሐፉን ተዉትና ስለ ደራሲው ልንገራችሁ

እንደኛ ደራሲዎቹን የሚያውቅ ሕዝብ ማግኘት ይከብዳል። የሌላው አገር አንባቢ ያሳዝነኛል። ምስኪኑ መጽሐፍ ይገዛል፣ ማታ ማታ ተቀምጦ አራት መቶ ገጽ ይገፋል፣ ጨርሶ ሲያስቀምጠው እንኳ ጸሐፊው ስንት ጊዜ እንዳገባ አያውቅም። እኛ ግን ሽፋኑን ሳንገልጥ የት እንደተወለደ፣ ማንን እንደወደደ፣ ምን ይጠጣ እንደነበረ፣ ማን እንዳስገደለው ጨርሰናል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ምን ሊጨምርልን ነው?

እነዚህን የደራሲ ሕይወት ሊቃውንት የሚያመሰግናቸው የለም። ጭራሽ "የማያነብ ትውልድ" እየተባሉ ይሰደባሉ። ግፍ ነው። ሳያነቡ ይህን ሁሉ ማወቅ እኮ ቀላል ነገር አይደለም። አንብቦ ማወቅማ ማንም ያደርገዋል።

ከፍተኛው ትምህርት የሚሰጠው በበዓሉ ግርማ ላይ ነው። የፈለጋችሁት ካፌ ገብታችሁ ስሙን ብቻ ጥሩ። ማኪያቷችሁ ሳይቀዘቅዝ ሙሉ ፋይሉ ይቀርብላችኋል። የካቲት 1976። ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚህ በኋላ ጉባኤው ይከፈላል። የአንዱ የአጎቱ ጓደኛ ያን ጊዜ ደህንነት መሥሪያ ቤት ነበር። የሌላው ጎረቤት በዓሉን ከዚያ በኋላ ውጭ አገር ያየው ሰው ያውቃል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይሰማና "የምታወሩት ሁሉ ስህተት ነው" ይላል፤ የሚያውቀውን ግን አይናገርም። ሦስተኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

"እሺ፣ ኦሮማይ ስለምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ አይጠፋም። መልሱ ዝግጁ ነው፤ "ያስገደለው መጽሐፍ ነዋ!"

አለቀ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አስመራ መውረዱ፣ እዚያ ፊያሜታን መውደዱ፣ ዘመቻውን ከውስጥ ሲያየው ነገሩ ሁሉ እንደ መፈክሩ አለመሆኑ፣ ይህ ሁሉ ዝርዝር ነው። ደራሲው ራሱ ዘመቻው ውስጥ የነበረ ሰው መሆኑ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ምን እንደሚጽፍ አሳምሮ እያወቀ መጻፉም ዝርዝር ነው። ሰውዬው ነፍሱን የከፈለበት ነገር እዚያ ገጾች ውስጥ አለ። ሊቃውንቱ ዕቃውን ሱቅ ትተው ደረሰኙን በክብር አስቀምጠዋል። ደረሰኝ ይቀላል። ለመሸከምም ይመቻል።

መጽሐፉ በ1975 እንደወጣ ከገበያ ሲሰበሰብ የነበሩትን አንባቢዎች ሳስብ ግን ይገርመኛል። ተሸሽገው አነበቡት! በድብቅ፣ በውድ ዋጋ፣ ቢያዙ ምን እንደሚደርስባቸው እያወቁ። የስብሐት ገብረእግዚአብሔር ሌቱም አይነጋልኝም እንዲሁ ነው። ማተሚያ ቤት ሳይገባ ለብዙ ዓመታት በረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ሥራ ነው። ወረቀቱ እስኪሳሳ ተዋዋሱት። ኋላ ቀሮች! ትንሽ ቢታገሱ ኖሮ ዛሬ ቴሌግራም ላይ በነጻ አግኝተው እንደኛ ሳይከፍቱት ይቀመጡ ነበር።

"ፒዲኤፉ አለህ?" የዘመናችን ትልቁ የንባብ ጥያቄ ነው። አንድ ወዳጄ ስልኩ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ለአንድ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ይበቃል። ማታ ማታ ፋይሎቹን በደራሲ ስም ይደረድራል። አንዱን እንኳ ከፍቶ አያውቅም፤ ፍቅሩ ግን እውነተኛ ነው። ስልኩ የሞላ ጊዜ የልጁን የልደት ቪዲዮ አጥፍቶ መጻሕፍቱን አስቀርቷል። እንዲህ ያለ አንባቢ የት ይገኛል?

ስለ ስብሐት ደግሞ ባናወራ ይሻላል፤ ከጀመርን አናቆምም። ስለ ጋሽ ስብሐት ሦስት ቀልድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አላጋጠመኝም። ከሦስቱ ሁለቱ ስለ ሌላ ሰው የተነገሩ ናቸው፣ አንደኛው ጨርሶ አልተፈጠረም። ጫቱ፣ ውቤ በረሃ፣ ፈገግታው፣ ጺሙ። ጋሽ ስብሐት በ2004 ካረፈ ወዲህ "አብሬው ቅሜያለሁ" የሚለው ሰው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። በዚህ አያያዛችን የሚቀጥለው ትውልድም አብሮት መቃሙ አይቀርም።

ሊቃውንቱ አንዳንዴ እግር ጥሏቸው ወደ ልብ ወለድ ሲገቡም በባዶ እጃቸው አይገቡም። ቁልፍ ይዘው ነው የሚገቡት። "ደራሲው" የሚለውን የበዓሉን ልብ ወለድ ውሰዱ፤ ባለታሪኩ ሲራክ የሚባል ደራሲ ነው። "ሲራክ ማለት እኮ ስብሐት ነው!" ይሏችኋል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰሚ ያለ ይመስል። ይህ ምስጢር ከአርባ ዓመት በላይ በየቡና ቤቱ በሹክሹክታ ሲነገር ኖሯል። አንዴ ሲራክ ማን እንደሆነ ከታወቀ መጽሐፉ ተፈታ ማለት ነው። የእንቆቅልሽ መልስ ካገኙ በኋላ ማን ጥያቄውን ቁጭ ብሎ ያነባል?

በዚህ ዘዴ የቸገረን ገና በሕይወት ያለ ደራሲ ነው። ምስኪኑ በልብ ወለዱ ውስጥ ባሏን የምትከዳ ሴት ጽፎ ከሆነ ሰርግ ቤት እንኳ በሰላም አይገባም። "እትዬ እገሊት ናት አይደል?" ይባላል። የለችም፣ ፈጥሬያት ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ደራሲ ከራሱ ነገር ፈጥሮ ይጽፋል ብሎ የሚያምን የዋህ የለም። ሚስቱም አታምንም።

ወደ ክቡር ዶክተር ሀዲስ አለማየሁ ልለፍ። ፍቅር እስከ መቃብርን ያላነበበ ኢትዮጵያዊ የለም። ጠይቁ። "አንብቤዋለሁ" ይላችኋል፤ ቀጥሎ ዓይኑን ይጨፍንና "የወጋየሁ ድምፅ!" ይላል። ልክ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ ማጀት ድረስ አስገብቶታል፤ በዚህስ አልቀልድም፣ ያንን ድምፅ የሰማ የሰማውን ያውቃል። የማደንቀው ሌላውን ነው። ከትረካው ሁለት ክፍል ሰምቶ፣ እሱንም ወጥ እያማሰለ፣ ሙሉውን እንዳነበበ የቆጠረውን። አሁን ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ስለመጣ ሁለት ጊዜ አንብበነዋል ማለት ነው።

ከመጽሐፉ የተረፈን ሀብት ጉዱ ካሳ ነው። ፌስቡክ ላይ ስንት ጉዱ ካሳ እንዳለ እግዜር ይቁጠረው። ሁላችንም ያልተረዳን ጠቢብ ነን። ሁላችንም ከዘመናችን ቀድመን ተወልደን ሰው "እብድ" ያለን ነን። ትዕቢተኛውን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን ነኝ የሚል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያ ሁሉ መሸሻ የት እንደገባ የሚነግረኝ ባገኝ!

የሀዲስን ሕይወትማ አታንሱብን። "አርበኛ ነበሩ፣ አምባሳደር ነበሩ፣ ሚኒስትር ነበሩ።" ነበሩ፣ ነበሩ፣ ነበሩ። ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው ኢጣልያ ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች እስር ቤት መክረማቸውን የሚያውቅ ሊቅ ካገኛችሁ ግን እጅ ንሱት። እኚህ ሰውዬ አንድ ጥፋት ሠርተዋል። ዘመቻውንና ምርኮውን ራሳቸው ቁጭ ብለው ትዝታ በሚል መጽሐፍ ጻፉት። አያችሁ ክፋታቸውን? የደራሲውን ሕይወት ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ ሊኖርብን ነው! ማን ይሞኛል? እኛ ታሪካቸውን ከሙት ዓመታቸው ፖስት ላይ እናገኘዋለን፤ ሰባት መስመር፣ አንድ ሻማ፣ ሦስት የፊደል ግድፈት።

የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ግን የተለየ ክብር ተሰጥቶታል። 1962 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስለሱ የሚባለው አንድ ቃል ነው፤ "ከባድ ነው።" ይህን የሚሉት በአድናቆት ነው፤ ተራራ ከሩቅ እንደሚያደንቅ ሰው። አንድ ጊዜ "ስንተኛው ገጽ ላይ ከበደህ?" ብዬ አንዱን ሊቅ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጨዋ ሰው አይጠበቅም በሚል ዓይን አየኝ። ገጹን ሳይገልጡ መክበዱን ማወቅ የቻሉት በእጃቸው መዝነውት ይመስለኛል።

የሊቃውንቱ ዓመታዊ በዓል የመጽሐፍ ምርቃት ነው። አንድ ምርቃት ላይ መገኘት ማለት ለአንድ ዓመት የሚበቃ ንባብ ማለት ነው። አዳራሹ ይሞላል። የመጀመሪያው ተናጋሪ መድረክ ይወጣና "እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን ገና አላነበብኩትም፤ ደራሲውን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ" ይላል። ጭብጨባ። ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደራሲው በልጅነቱ እንዴት ኳስ ጠልዞ የጎረቤት መስኮት እንደሰበረ እንሰማለን። ሁለተኛው ተናጋሪ መጽሐፉን አንብቧል፤ ስለዚህ ሰዓት አልቋል ተብሎ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ማሲንቆ ይመታል። ከዚያ ፊርማ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፎቶ ስላለ። የተፈረመበት መጽሐፍ ደግሞ አይነበብም፤ ይቆሽሻላ። መደርደሪያ ላይ፣ ከሰርግ አልበሙ አጠገብ ይሰየማል።

በዚህ ረገድ ውጭ ያለው ወገናችን የበለጠ ይመሰገናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ሁለት መጽሐፍ አይጠፋም። በርበሬው እስከ ገና አይደርስም። መጽሐፎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ገና ላስቲካቸው ሳይቀደድ፣ የበርበሬው ሽታ ሳይለቃቸው አሉ። ታዲያ ኦሮማይ በአውሮፓውያኑ 2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በወጣ ጊዜ ደስታው ልዩ ነበር። ዜናው ሼር ተደረገ፣ ተለቀሰ፣ "ኮራን!" ተባለ። እንኳን ደስ ያለን፤ ያላነበብነውን በሁለት ቋንቋ ላለማንበብ በቃን።

መጽሐፍ ተወደደ የሚለውም ወሬ ከሊቃውንቱ አልፎ አልፎ ይሰማል። ወረቀት መወደዱ እውነት ነው፤ አሳታሚ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለአሳታሚዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ውስጡን ተዉት። የጀርባ ሽፋኑን ብቻ አትሙ። የደራሲው ፎቶ፣ የት እንደተወለደ፣ ስንት ጊዜ እንደታሰረ፣ ማን እንደከዳው፣ "አንባቢ እጁ ከገባ ሳይጨርሰው የማያስቀምጠው" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር። አንድ ካርቶን ብቻ። ሳይጨርሰው የማያስቀምጠውም ያኔ እውነት ይሆናል።

ባለፈው አንድ ወጣት ረቂቁን አምጥቶ አስተያየት እንድሰጠው ጠየቀኝ። ስድስት ዓመት ደክሞበታል። ምዕራፎቹን ደጋግሞ እንደጻፈ፣ አሁንም መጨረሻው እንዳላማረው ነገረኝ።

"ታስረህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ኧረ አላውቅም ጋሼ።"

"ተሰደሃል? ትጠጣለህ? የከዳችህ ሴት አለች?"

አገር ቤት ነው ያለው፣ ቡና ብቻ ነው የሚጠጣው፣ እጮኛውን ሊያገባ ነው። አዘንኩለት። ተስፋ እንዳይቆርጥ ግን መከርኩት። "መጨረሻውን ማስተካከሉን ለጊዜው ተወው፣ ማንም እዚያ አይደርስም" አልኩት። "ይልቅ ነገ ፒያሳ ሂድና ፎቶ ተነሳ። ጥቁርና ነጭ ይሁን። ወደ ካሜራው እንዳታይ፣ ወደ ጎን ነው። ሲጋራ ባታጨስም ያዝ።"