ማስተካከያ፦ ካፕቴን ከርክ ትእዛዝ ጥሶ "ማእረግ አደገ" የሚለው ልክ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጅማ በቴሌግራም ሲዞር የነበረው የስታር ትሬክን (የጠፈር ፊልምና ተከታታይ ድራማ ነው) ሁለት የመርከብ አዛዦች፣ ከርክንና ፒካርድን የሚያወዳድረው ፖስት፣ ከርክ ኢንተርፕራይዝ የምትባለውን የጠፈር መርከብ ሰርቆ ከሄደ በኋላ "ምንም አልተቀጣም፣ እንዲያውም ማእረግ አደገ" ይላል። ስህተት ነው።

ምንጩ ራሱ ፊልሙ ነው፣ በ1986 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አራተኛው ስታር ትሬክ፣ መጨረሻው አካባቢ ያለውን የችሎት ክፍል ማየት ይበቃል። መርከቧን የሰረቀው በ1984ቱ ፊልም ጓደኛውን ስፖክን ለማዳን ብሎ ነው፣ ያኔ አድሚራል ነበር። በኋላ እሱና የመርከቡ ባልደረቦች ምድርን ስላተረፉ ክሶቹ ተነሱላቸው፣ የበላይን ትእዛዝ መጣስ የሚለው ግን ቀረ፣ እሱም ከርክ ላይ ብቻ፣ እና ከአድሚራልነት ወደ ካፕቴንነት ዝቅ ተደረገ። አዎ፣ ካፕቴን ሲሆን መርከብ ተሰጠው፣ ሰውዬው ደግሞ ከቢሮ ወንበር ይልቅ የሚወደው እሱን ነው፣ ፖስቱን የጻፈው ልጅ ሹመት የመሰለው ከዚህ የተነሳ ይሆናል። ማእረጉ ግን ወርዷል።

ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ላይ "ከርክ ደንብ ስለማይገዛው ነው የሚሳካለት፣ ፒካርድ ግን ደንብ አስሮታል" እየተባለ የነበረው ክርክር መነሻው ይሄ ፖስት ስለሆነ ያ ነጥብ አያስኬድም። ቅጣቱን ብቻውን መሸከሙ፣ ባልደረቦቹ ነጻ መውጣታቸው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ስለ ከርክ አመራር ከስርቆቱ በላይ የሚናገረው እሱ ነው። የፒካርዱ ክፍል፣ ማለትም ምክትሉ ራይከር ፒካርድን አደገኛ ቦታ አትወርድም እያለ የሚከለክለው፣ ልክ ነው፣ እንዳለ ይቀመጥ።

ፖስቱን ሼር ያደረጋችሁ ይሄንንም በዛው ግሩፕ ላኩት።