ዝም ባይነቅዝም ስሌቱ ነቅዟል

ክርክሩ የተነሣው ሁለተኛው ቡና ላይ ነው። አንድ ወጣት «የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው» አለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ «የለም ልጄ፣ ሚያዝያ 18 ነው፤ እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ» አሉት። ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል ሦስተኛው ሰውዬ ስኒውን አስቀምጦ ገባ። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ዝም አይነቅዝም። ቤተ ክህነት ስታውጅ እንሰማለን።»

የሰውዬው ሙግት ከዚህ አላለፈም። ልጁ «ጋሼ፣ እንዴት ቆጥረው ነው?» ሲል፣ «ዝም አይነቅዝም»። እስክሪብቶና ወረቀት ሲመጣም፣ «ዝም አይነቅዝም»። አንዲት ተረት ይዞ በር ሁሉ የሚከፍትባት መስሎታል።

ሽማግሌው ግን ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫውን ስሌት፣ ያውቃሉና ደረደሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ 7፤ ይህ መጥቅዕ ይባላል። ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት ላይ ይውላል። ጥቅምት 7 ዓርብ ነው፤ የዓርብ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 2፤ የሁለቱ ድምር መባጃ ሐመር 9። ጾመ ነነዌ የካቲት 9 ትገባለች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት ሚያዝያ 18። ቀኑም እሑድ ነው።

ልጁ ጣቱን 13ቷ ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ አሐዱ አእትት ለዘመንስ?»

ከቀሪው አንድ ለዘመኑ ይቀነሳል ማለቱ ነው፤ የተረፈው፣ ወንበር የሚባለው፣ 12 ነው። 12 በ19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18፣ እሑድ። የእሑድ ተውሳክ 7፣ ድምሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25። 25 እና 9፣ 34፤ መጋቢት በ30 ሲያልቅ ሚያዝያ 4።

ሽማግሌው «እውነትክን ነው፣ አንዷን ረስቻታለሁ» ብለው 13ቷን ሰረዙ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተሳሳተው ስሌትም ፋሲካን እሑድ ላይ ነው የሚያውለው። አበቅቴ (ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚገኘው) እና መጥቅዕ ተደምረው 30 መምጣታቸውም አያጋልጠውም፤ በ12 ወንበር 12 እና 18፣ በ13 ወንበር 23 እና 7፣ ያም ያም 30 ነው። ሽማግሌው ብቻቸውን አሥር ጊዜ ቢደግሙት አሥር ጊዜ ሚያዝያ 18 ይመጣላቸው ነበር። የካቲት 9 ሰው ሁሉ ዐቢይ ጾም ሲገባ እሳቸው ነነዌን ሊጀምሩ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል እንጂ ስሌቱ ነቅዞ ነበር፤ ንቅዙን ያራገፈው ክርክሩ ነው።

መስፈሪያ የሌለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ የማን አገር ጠጅ ይጣፍጣል ብሎ ጉሮሮ መሰንጠቅ ከንቱ ነው። መስፈሪያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ «ተዉት» ማለት ግን ጨዋነት አይደለም፣ ስንፍና ነው። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ተባብለው፣ ዋስ ጠርተው፣ መንገደኛ እንኳ ዳኛ አስቀምጠው፣ በየተራ ይሟገቱ ነበር። ዛሬ «ለምን?» ያለ ተማሪ አፈኛ ነው፤ እጅ ያወጣ ሠራተኛ ነገረኛ ነው። በዕድር ስብሰባ የዓመቱ ሒሳብ ሲነበብ ከኋላ «ይጽደቅ! ዝም አይነቅዝም!» ይባላል። ደረሰኙን ገልጦ ያየ የለም። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይዘጋል፤ «ያቺ ገንዘብ ግን የት ገባች?» የሚለው ሹክሹክታ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሲፈለግ ይጀመራል።