አሳማው ራሱ ይጠየቅ

የአሳማ ቤት ቁጥጥር ብዙ ጊዜ በሜትር ይጀምራል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ85 እስከ 110 ኪሎ የሚመዝን አሳማ ቢያንስ 0.65 ካሬ ሜትር ወለል ይገባዋል። ተሟልቷል? ፎርሙ ላይ ምልክት ተደርጎ ይታለፋል። አሳማው እዚያ ወለል ላይ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ግን ማን አየ?

እኔ ከቤቱ በፊት እንስሳው ይታይ ባይ ነኝ። ስቶልባና ዉድ-ገሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ኤድንበርግ አቅራቢያ የእርባታ አሳማዎችን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ጅረት ያለበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ለቀቋቸው። አሳማዎቹ ጋጣ ለጋጣ የመጣ ዘር ቢሆኑም የዱሩን ኑሮ አልረሱም። ብርሃን ካለበት ሰዓት ገሚሱን ያህል ሣር ሲግጡና አፈር ሲምሱ ይውላሉ። እናቲቱ መውለጃዋ ሲደርስ ከመንጋው ትለያለች። ጉድጓድ ትምሳለች፤ ሣርና ቅርንጫፍ በአፏ እየተሸከመች ታነጥፋለች።

ይህችው እናት መዞር በማትችልበት የብረት ፍርግርግ ውስጥ ብትሆንስ? ሰዓቷ ሲደርስ ባዶውን ወለል በፊት እግሯ ትጭራለች፤ ብረቱን ትነክሳለች። መኖም ውኃም አልጎደለባትም። የጎደለባት ሥራው ነው።

ታዲያ ሁለት ክፍል ሰጥተን እንድትመርጥ ብናደርግስ? ጥሩ ነው፤ ግን ምርጫ ብቻውን ያታልላል። ልጅም ከምሳው ይልቅ ከረሜላውን ይመርጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አሳማውን ዋጋ ያስከፍሉታል፤ የፈለገውን የሚያገኘው በአፍንጫው ቁልፍ ሲጫን ነው። መጫኑ ሲበዛበት እርግፍ አድርጎ የሚተወው ነገር አለ። ምግብን ግን አይተውም፤ ወይ ፍንክች! ቢያገኝ ደስ የሚለውና የግድ የሚያስፈልገው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

ሰው በግምት ሲፈርድ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1965 የእርባታ እንስሳትን አያያዝ የመረመረው የብሪታንያው የብራምቤል ኮሚቴ ለዶሮ ቀጭን የሽቦ ወለል እንዳይሠራ መከረ። በኋላ ዶሮዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ሲደረግ ወደዚያው ቀጭን ሽቦ ሄዱ።

ከሁሉ የሚቀለው ምልክት ደግሞ ጭራ ነው። የተረጋጋ አሳማ ጭራው ይጠቀለላል። ብዙዎቹ ጭራቸውን ወደ ታች ከጣሉ እርስ በርስ ጭራ መናከስ ሊጀምሩ ነው ማለት ነው። ብዙ አርቢ ግን ጭራውን አስቀድሞ ይቆርጠዋል። የኅብረቱ ሕግ በዘልማድ መቁረጥን ቢከለክልም በብዙ አገር አልቀረም። ንክሻው ይቀንስ ይሆናል፤ ከጭራው ጋር ግን ችግሩን የሚናገረው ምልክትም ይሄዳል።

የሚቆፈርና የሚታኘክ ነገር ይሰጣቸው ሲባል አንዳንዱ ሰንሰለት ሰቅሎ «ይኸው መጫወቻ» ይላል። ትንሽ ይነክሱትና ይሰለቻቸዋል። ገለባ ይሻላል። አርቢዎች «ገለባ በወለሉ ቀዳዳ ገብቶ የፍሳሽ ጉድጓዱን ይደፍንብናል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወለሉ የታሰበው ለፍሳሹ እንጂ ለአሳማው አልነበረማ። ባለው ቤት ትንሽ ገለባ በመደርደሪያ ማንጠልጠል ይቻላል። አዲስ ሲሠራ ደግሞ ከወለሉ ከፊሉ ድፍን ይሁን።